ጠመንጃ የያዘው መልአክ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ የምትኖር አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ፎቶ ላከችልኝ። ልጆቿን ይዛ ሙዚየም ገብታ ነው ያነሳችው። ሥዕሉ ላይ አንድ ወጣት መልአክ ቆሟል። ክንፍ አለው። ግን ደግሞ ላባ የተሰካበት ሰፊ ባርኔጣ ደፍቷል፣ እጅጌው ዳንቴል ነው፣ ካባው ላይ ወርቅ ተነጥፏል። በእጁ የያዘው ሰይፍ እንዳይመስላችሁ፤ ረጅም ጠመንጃ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ መልአክ ነው ወይስ ባላባት?» ብላ ጻፈችልኝ።

ሳቅኩ። ትንሽ ቆይታ ግን ሌላ መልእክት ላከች። «ደሞ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ የሚለው ፎቅ ላይ አይደለም ያገኘሁት። እዛኛው ፎቅ ላይ ያሉት የእንግሊዝ ዘር ያላቸው ሰዎች ምስሎች ናቸው። ይሄኛው ከፔሩ ነው ይላል። ፔሩ አሜሪካ አይደለችም እንዴ?»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ምክንያቱም እሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በነበረበት ጊዜ ስለዚህ ሥዕል ያስተማርኳት ነገር ትዝ አለኝ። ሙሉው ትምህርት ግማሽ ክፍለ ጊዜ አይሞላም ነበር። «ስፔኖች ይዘውት የመጡትን ሥዕል አገሬው ገለበጠ፤ ቀጥሎ ወደ ባሮክ እንለፍ» ብዬ አልፌዋለሁ። እሷም በፈተና ላይ «ግልባጭ ነው» ብላ ጽፋ ይሆናል፣ እኔም ራይት አድርጌላት ይሆናል። ስለዚህ ዕዳ አለብኝ። የዛሬው ጽሑፍ ለእሷና ያኔ አብረዋት ለተቀመጡት ሁሉ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከስሙ እንነሳ። «አሜሪካ» የሚለው ቃል ካርታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1507 ነው፤ ጀርመናዊው ማርቲን ቫልድዜሙለር ባሳተመው ትልቅ የዓለም ካርታ ላይ። ቃሉ የተጻፈው የት ላይ መሰላችሁ? ኒውዮርክ ወይም ዋሽንግተን ባለበት አካባቢ አይደለም። ዛሬ ደቡብ አሜሪካ በምንለው ምድር ላይ ነው፣ ወደ ብራዚል ገደማ። ከካርታው የተረፈው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2003 በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። እንግዲህ ስሙ መጀመሪያ የደቡቡ ነበር። ሰሜኑ በኋላ ነው ስሙን ጠቅልሎ የወሰደው። እኛም በአማርኛ «አሜሪካ ሄደ» ስንል ሊማ ሄደ ማለታችን አይደለም። ቋንቋችንም ከዚህ ልማድ አላመለጠም።

የሥዕሉም ታሪክ እንደዚሁ ነው። በብዙ መጻሕፍትና ሙዚየሞች የአሜሪካ ሥነ ጥበብ የሚጀምረው ከኒው ኢንግላንድ ነው። በ1670ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ውስጥ ስሙ ያልታወቀ ሰዓሊ የሣላቸው የፍሪክ ቤተሰብ ምስሎች ይቀርባሉ፤ ወይዘሮ ኤልዛቤት ልጇን ሜሪን አቅፋ። ደስ የሚሉ ሥዕሎች ናቸው፣ አልነቅፍም። ከዚያ ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ ይመጣል፣ ከዚያ አብዮቱ፣ ከዚያ ጆርጅ ዋሽንግተን።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቱ 1539፣ ቦታው ሜክሲኮ ሲቲ። ቴኖችቲትላን በኮርቴስ እጅ ከወደቀች ገና 18 ዓመቷ ነው። ፔድሮ ደ ጋንተ የሚባል የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ለአገሬው ልጆች ትምህርትና እጅ ሥራ የሚሰጥበት ቦታ ከፍቷል። እዚያ አንድ ምስል ተሠራ፤ ጳጳሱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ሲቀድስ ክርስቶስ መሠዊያው ላይ ሲገለጥለት ያሳያል። ምስሉ በቀለም የተሣለ አይደለም። በወፍ ላባ ነው የተሠራው። በሺህ የሚቆጠር ቁርጥራጭ ላባ፣ አንዱ ካንዱ እየተነባበረ ተለጥፎ። አዝቴኮች ይህን ሙያ የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሯቸው፤ አማንቴካ ይባላሉ። ከክርስትና በፊት ለንጉሥና ለጦር አለቃ ካባና ጋሻ ይሠሩ ነበር።

ምስሉ ዙሪያውን ጽሑፍ አለው። ለጳጳስ ጳውሎስ ሦስተኛ የተሠራ መሆኑንና ያሠራውም የከተማዋ አገሬ ገዥ ዶን ዲዬጎ መሆኑን ይናገራል። ይሄ ሰው የሞክቴዙማ ዘመድ ነው። ለምን ለጳጳሱ? ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1537፣ ጳጳስ ጳውሎስ የአዲሱ ዓለም ሕዝቦች እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ ነፃነታቸውና ንብረታቸው ሊገፈፍ አይገባም የሚል ደብዳቤ አውጥቶ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ላባው ሥዕል ለዚያ ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ ነው ይላሉ። «ሰው ናችሁ ብለሃል፤ እንግዲህ የሰው እጅ ሥራ ይኸውልህ» እንደማለት። ሥዕሉ ዛሬ ፈረንሳይ፣ ኦሽ በምትባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ቁጥሩን እዩት። 1539 ማለት እንግሊዞች ጄምስታውንን ከመቆርቆራቸው 68 ዓመት በፊት ነው። ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ ከመድረሷ 81 ዓመት በፊት። ታዲያ የአሜሪካ ሥዕል ለምን በ1670 ይጀምራል?

ወደ ፔሩ እንሂድ፤ ባለ ጠመንጃው መልአክ ወዳለበት አካባቢ። ስፔኖች የኢንካዎችን ዋና ከተማ ኩስኮን የያዙት በ1533 ነው። በ1575 በርናርዶ ቢቲ የሚባል ጣሊያናዊ የኢየሱሳውያን ወንድም ሊማ ደረሰ፤ ሰዓሊ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞት በአንዲስ ተራሮች ከከተማ ከተማ እየዞረ ሣለ፣ አስተማረም። ሌሎች ጣሊያኖችም ተከተሉ። ይሄኛው ክፍል እኔ ያኔ ያስተማርኩት ነው፤ «መጡ፣ አመጡ፣ አስተማሩ»። ትምህርቴ እዚሁ ላይ ነው የቆመው። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

በ1650 መጋቢት መጨረሻ ኩስኮን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። እንደገና ሲሠሩ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ፈለገ። በ1673 ደግሞ ማኑኤል ደ ሞሊኔዶ የሚባል ጳጳስ ከማድሪድ መጣ፤ ሥዕል ወዳድ ነበር፣ የራሱን ስብስብ ይዞ ነው የመጣው። ሥራው በዛ፣ ሰዓሊዎቹም በዙ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ኬችዋ ተናጋሪ አገሬዎች ነበሩ። ዲዬጎ ኪስፔ ቲቶ ከኢንካ ባላባት ወገን ነው፤ በኩስኮ ካቴድራል ያለውን አሥራ ሁለቱን የከዋክብት ወራት የሚያሳየውን ተከታታይ ሥዕል የሠራው በ1681 ነው። ባሲልዮ ሳንታ ክሩስ ፑማካልያዎ ደግሞ ጳጳሱ የሚተማመንበት ሰዓሊ ነበር። ስማቸው ይታወቃል፣ ሥራቸውን ይፈርማሉ። «ስም የለሽ የአገሬ እጅ» እያልኩ የነገርኳችሁ ስህተት ነበር።

ከዚያ በ1688 ትልቅ ነገር ሆነ። ኩስኮ ውስጥ ስፔናውያንና አገሬዎች በአንድ የሰዓሊያን ማኅበር ነበሩ። በመካከላቸው ጠብ ተነሳ፣ አገሬዎቹ እንበደላለን አሉ፣ መጨረሻው መለያየት ሆነ። መለያየቱ ከማኅበሩ ፈተናና ከአውሮፓ ደንብ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ነው ዛሬ «የኩስኮ ዘይቤ» የምንለው ነገር ጎልቶ የወጣው። ርቀትና ጥልቀት ማሳየት ብዙም አያስጨንቃቸውም። ፊቱ ለስለስ ያለ፣ ልብሱ ላይ ወርቅ እንደ ጥልፍ የታተመ፣ ዳር ዳሩን አበባና ወፍ የሞላበት። ያ የወርቅ ጥለት የጨርቁን እጥፋት አይከተልም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። በአውሮፓ ሚዛን ስህተት ነው። በእነሱ ሚዛን ግን ቅዱስ ሰው የሚለብሰው እንደዚያ ነው። እነዚህ ሥዕሎች በበቅሎ ተጭነው እስከ አርጀንቲናና ቺሊ ይሸጡ ነበር። በ1754 የተፈረመ አንድ ውል አለ፤ ከ400 በላይ ሸራ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲደርስ ይጠይቃል። ፋብሪካ በሉት።

«ግን መገልበጥ አይደለም ወይ?» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። እስቲ መገልበጡ እንዴት እንደነበር እንየው። አንትወርፕ በምትባል የአሁኗ ቤልጅየም ከተማ የታላላቅ ሰዓሊዎች ሥራ በመዳብ ላይ ተቀርጾ በወረቀት ይታተም ነበር። ወረቀት ቀላል ነው፣ በመርከብ ይሄዳል። የኩስኮው ሰዓሊ እጅ የሚገባው ግን ጥቁርና ነጭ ነው፣ መጠኑም ከመጽሐፍ ገጽ አይበልጥም። ቀለሙን ራሱ ይወስናል፣ መጠኑን ራሱ ይወስናል፣ ሰው ይቀንሳል፣ ዛፍ ይጨምራል። ደማቁ ቀይ ከየት ይመጣል? ቁልቋል ላይ ከሚኖር ጥቃቅን ተባይ፤ ኮቺኒል ይባላል። በራያና በደቡብ ትግራይ የበለስን ተክል ያጠፋው ተባይ ያው እሱ ነው። እኛ ጋ መቅሰፍት ሆነ፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ግን ከብር ቀጥሎ ሜክሲኮን ያበለፀገው ሸቀጥ ነበር። አውሮፓ ውስጥ የካርዲናሎችና የነገሥታት ቀይ ልብስ ቀለም ሳይቀር ከአሜሪካ ነው የሄደው። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ጥያቄ እንደምናስበው አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም።

ደግሞስ ሩበንስ ራሱ ከጣሊያኖች አልገለበጠም? እሱ ሲያደርገው «ተጽዕኖ» እንላለን፤ ኪስፔ ቲቶ ሲያደርገው «ግልባጭ» እንላለን። ይሄ ሚዛን ነው ያሳፈረኝ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በኩስኮ ካቴድራል ማርኮስ ሳፓታ በ1750ዎቹ የሣለው የመጨረሻው እራት አለ። ጌታችንና ሐዋርያቱ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ እንደማንኛውም የጸሎተ ሐሙስ ሥዕል። ሳህኑ ላይ ግን በግ አይደለም ያለው። በአንዲስ ተራሮች ለበዓል የሚበላው ኩይ፣ እኛ ጊኒ ፒግ የምንለው እንስሳ፣ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ ተጠብሶ ተጋድሟል። ቱሪስት ያየዋል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ግን አስቡት፤ ሰዓሊው እያለ ያለው «ጌታ እኛ ቤት ቢመጣ ምን እናቀርብለት ነበር?» ነው። እንግዳ ሲመጣ ዶሮ የምታርድ እናት ያላት ሰው ይሄ ይገባዋል።

አሁን ወደ መልአኩ። ጠመንጃ የያዙ መላእክት መሣል የተጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ ነው። በጣም የታወቁት ከላ ፓዝ ብዙ በማትርቀው ካላማርካ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ያሉት ናቸው። ጠመንጃውን የሚይዙበትና የሚያቀባብሉበት አቋም የመጣው ያኮብ ደ ጌይን የተባለ ሆላንዳዊ በ1607 ካሳተመው የወታደር ማሠልጠኛ መጽሐፍ ነው ተብሎ ይታመናል። ልብሳቸው የስፔን ባላባት ነው። ላባው ግን? በኢንካ ዘመን ላባ የመኳንንትና የተቀደሰ ነገር ምልክት ነበር። ስፔኖች ሲመጡ ጠመንጃውን አገሬው ከመብረቅ አምላክ ጋር አያይዞት እንደነበረም ይነገራል። ስለዚህ አንድ ሸራ ላይ የሆላንድ ወታደር፣ የስፔን ጌታ፣ የኢንካ ላባና የክርስቲያን መልአክ ቆመዋል። ይሄን ሁሉ በአንድ አካል ማቆም የቻለ ሰው ገልባጭ ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ።

ስማቸውም ሌላ ታሪክ አለው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በስም የምታውቃቸው መላእክት ሚካኤል፣ ገብርኤልና ሩፋኤል ብቻ ናቸው። የካላማርካዎቹ ላይ ግን ዑራኤልም አለ፣ ሌሎች ከአዋልድ መጻሕፍት የመጡ ስሞችም አሉ። ዑራኤል ለኛ የሠፈር ስም ነው፤ ታክሲ ውስጥ «ዑራኤል ወራጅ አለ» እንላለን። የመጽሐፈ ሄኖክ መላእክት ከዋክብትን፣ ዝናብን፣ ነጎድጓድን የሚጠብቁ ናቸው። ከዋክብትንና መብረቅን ያመልክ ለነበረ የአንዲስ ሰው እንደዚህ ያሉ መላእክት ቅርብ መሆናቸውን ቦሊቪያዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ቴሬሳ ጊስበርት አስረድታለች።

ካነሳሁት አይቀር የኛን ነገር በአጭሩ ልበል። ኢየሱሳውያን ከ1569 ጀምሮ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል እያስገለበጡ በዓለም ዙሪያ ልከዋል፤ ወደ ብራዚል፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ቻይና። እኛም ጋ ደርሳለች። እጇን በእጇ ላይ አድርጋ ልጇን ያቀፈችው፣ መሐረብ የያዘችው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የምንላት የዚያች ሥዕል ዘር ነች። ኢየሱሳውያኑን ፋሲለደስ አባረራቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፣ የኛም ሆነች። ማንም ኢትዮጵያዊ ቆሞ ሲሳለም «የሮም ግልባጭ ነች» አይልም። ለራሳችን የሰጠነውን መብት ለኩስኮ ሰው ለምን ከለከልነው? ይሄ ጥያቄ ለኔ ነው።

ግን ተጠንቀቁ፤ ነገሩን ተረት ማድረግ አልፈልግም። «ሁለት ባሕል ተገናኝቶ ውብ ሥዕል ወለደ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። የተገናኙት እኩል ሆነው አይደለም። ፖቶሲ የሚባል የብር ተራራ አለ፣ ዛሬ ቦሊቪያ ውስጥ። ከ1570ዎቹ ጀምሮ ሚታ በሚባል የግዴታ ሥራ ከየአውራጃው አገሬው ተራ በተራ እየተወሰደ ማዕድን እንዲቆፍር ተደርጓል። ስንቱ እዚያው ቀርቷል። የዚያ ከተማ የብር መምቻ ቤት፣ አሁን ሙዚየም፣ ውስጥ አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። እመቤታችን ነች፤ ቀሚሷ ግን ተራራው ራሱ ነው። ፊቷና እጆቿ ከተራራው ይወጣሉ። ተራራው ላይ መንገድ፣ ሰዎች፣ ከብቶች ይታያሉ፤ ከታች ጳጳሱና ንጉሡ ተንበርክከዋል። አንዳንዱ የምድር እናት ፓቻማማ ነች ይላል፣ አንዳንዱ የለም፣ ብሩን ለመባረክ የተሣለች ነች ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን የነበረው ወርቅ ቅብም ትላልቁ ሸራም በማን ላብ እንደተከፈለ ግን መርሳት የለብንም።

ሥዕል ራሱ መንግሥትን ሊያስፈራ እንደሚችልም እዚያው ታይቷል። በ1670ዎቹ ኩስኮ ውስጥ የቅዱስ ቁርባንን በዓል ሰልፍ የሚያሳዩ ተከታታይ ሥዕሎች ተሠርተው ነበር። በሰልፉ ፊት ፊት የኢንካ ባላባቶች የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው፣ የንግሥና ምልክት የሆነውን ቀይ ዘርፍ ይዘው ይሄዳሉ። (የሚገርመው፣ ሥዕሎቹ ላይ የሚታዩት ትላልቅ ሠረገላዎች ኩስኮ ውስጥ የነበሩ አይደሉም። ቫሌንሲያ ከታተመ የ1663 የበዓል መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው። ሥዕልን እንደ ፎቶ ማስረጃ ለምትወስዱ ማስጠንቀቂያ ትሁን።) እነዚያ ባላባቶች «ተገዝተናል፣ ግን ማን እንደሆንን አልረሳንም» እያሉ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1780፣ ሁለተኛው ቱፓክ አማሩ ሲያምፅ ስፔኖች ነገሩ ገባቸው። አመፁ በ1781 ከተቀጠቀጠ በኋላ የኢንካ ልብስ መልበስ ተከለከለ፣ የኢንካ ነገሥታት ሥዕሎችም ከየቤቱ እንዲነሱ ታዘዘ። የማይረባ ግልባጭ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር እናገኛለን። ሁዋን ኮሬያ የሚባል ሰዓሊ ነበር፣ በ1716 የሞተ። አባቱ ከስፔን ካዲዝ የመጣ ክልስ ሐኪም፣ እናቱ ነፃ ጥቁር ሴት። ይሄ ሰው የሜክሲኮ ሲቲ ካቴድራልን የካህናት ልብስ መልበሻ ክፍል ከክሪስቶባል ደ ቪልያልፓንዶ ጋር ተካፍሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሣለው። ጠይም መላእክትንም ሥሏል። ቦስተን ውስጥ የፍሪክን ቤተሰብ የሣለው ሰው ስሙ ሳይታወቅ፣ በአፍሪካ ደም ያለው ኮሬያ በአሜሪካ ምድር በትልቁ ካቴድራል ፈርሟል።

ያው አገር ግን የካስታ ሥዕሎችንም ወልዷል። አብዛኛውን ጊዜ 16 ሆነው ነው የሚሠሩት። አባት፣ እናት፣ ልጅ፤ ከላዩ ላይ ጽሑፍ፤ «ከስፔናዊና ከኢንዲያን፣ ሜስቲሶ»፣ «ከስፔናዊና ከጥቁር፣ ሙላቶ» እያለ ሰውን በደም መጠን ይደረድራል። ከሁሉ የላቁት ሚጌል ካብሬራ በ1763 የሠራቸው ናቸው። ፍቅር አለባቸው፤ አባት ልጁን ሲያቅፍ፣ እናት ፍሬ ስትሰጥ። ግን ደግሞ ሰንጠረዥ ናቸው። ሰው በደሙ ሲመደብ ምን እንደሚመጣ እኛም የምናውቀው ስለሆነ ብዙ አልልም። ከእነዚያ አሥራ ስድስቱ አንዷ ለብዙ ጊዜ ጠፍታ ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ቤት ሶፋ ሥር ተጠቅልላ ተገኘች፤ አሁን የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም ውስጥ ነች። የአሜሪካ ታሪክ ሶፋ ሥር ማለት እንደዚህ ነው።

«እሺ ጋሼ፣ ግን ይሄ የሜክሲኮና የፔሩ ታሪክ ነው፤ የዩናይትድ ስቴትስ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እሱንም እንየው።

ሳንታ ፌ፣ ኒው ሜክሲኮ ሙዚየም ውስጥ በእንስሳ ቆዳ ላይ የተሣሉ ሁለት ትላልቅ ሥዕሎች አሉ፤ ሴገሰር ይባላሉ። አንደኛው ከ5 ሜትር ይረዝማል። ነሐሴ 1720 ዛሬ ነብራስካ በሚባለው ግዛት የስፔን ጦርና አብረውት የዘመቱት ፑዌብሎዎች በፖኒና በኦቶ ተዋጊዎች ተከብበው የተሸነፉበትን ጦርነት ያሳያል። የጦሩ አዛዥ ፔድሮ ደ ቪልያሱር እዚያው ወደቀ። በ1758 አንድ ስዊዘርላንዳዊ ኢየሱሳዊ ወደ ቤተሰቡ ላካቸው፤ ለብዙ ዘመን ስዊዘርላንድ ቆይተው ተመለሱ፤ በ1988 ተገዙ። ብራና ላይ ሲሣል ላደገ ሕዝብ በቆዳ ላይ መሣል እንግዳ አይደለም። ዛሬ በዩናይትድ ስቴትስ ምድር ከተፈጸሙ ድርጊቶች ውስጥ ተሥለው ከቀሩት ጥንታውያን አንዱ ይሄ ነው። በስፓኒሽ ዘመን የተሠራ፣ በቆዳ ላይ፣ ጦርነቱን የተሸነፈው ወገን ያሣለው።

ሌላም ልጨምር። ሆሴ ካምፔቼ፣ ከሳን ሁዋን ፖርቶ ሪኮ፣ ከ1751 እስከ 1809 የኖረ። አባቱ በባርነት የተወለደ፣ በእጅ ሥራው ገንዘብ አጠራቅሞ ራሱን የገዛ ሰው ነው። ከንጉሡ ተጣልቶ ወደ ደሴቷ ከተሰደደው ስፔናዊ ሰዓሊ ሉዊስ ፓሬት ሙያ ቀሰመ። የገዥዎችን፣ የጳጳሳትን፣ የወይዛዝርትን ምስል ሣለ። በ1808 ያለ እጅ የተወለደ አንድ የገጠር ሕፃን ተሸክመው አምጥተው ሣልልን አሉት፤ ያንን ሥዕል አንዴ ያየ አይረሳውም። ካምፔቼ የኮፕሊ ዘመን ሰው ነው። ኮፕሊ በ1774 ቦስተንን ጥሎ ሄዶ ቀሪ ዕድሜውን እንግሊዝ ኖረ። ካምፔቼ ግን ከተወለደባት ደሴት ሳይወጣ ሞተ። ፖርቶ ሪኮ ከ1898 ጀምሮ በዩናይትድ ስቴትስ እጅ ነች፣ ሕዝቧም ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ታዲያ የትኛው ነው ይበልጥ አሜሪካዊው ሰዓሊ?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ነገሮች እየተለወጡ ነው። በ2006 ፊላዴልፊያ ትልቅ ኤግዚቢሽን ታይቷል፤ በ2017 እና 2018 የሜክሲኮ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ሎስ አንጀለስና ኒውዮርክ ቀርቧል። ሆኖም «የአሜሪካ ሥነ ጥበብ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አእምሮ አሁንም የዱሮ ወንበሩ ላይ ነው። እኔ የምመኘው ዩናይትድ ስቴትስ የፔሩንም የሜክሲኮንም ሥዕል «የኔ ነው» ብላ እንድትጠቀልል አይደለም። ስሙን አንዴ ወስዳለች፣ ሥዕሉን ደግሞ ትውሰድ አልልም። የኩስኮ ሥዕል የኩስኮ ነው። የምለው፣ «አሜሪካ» የሚለው ቃል ወደ 1507ቱ ስፋቱ ይመለስ፣ ታሪኩም ከ1670ው ቦስተን ሳይሆን ከ1539ኙ ላባ ይጀምር ነው።

ሌላው ጉዳይ ስርቆት ነው። በአንዲስ መንደሮች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ጠባቂ የላቸውም። ሸራው ከፍሬሙ በምላጭ ይቆረጥና ይጠቀለላል፤ ዓመታት ቆይቶ ሌላ አገር ሳሎን ውስጥ ይገኛል። «ማንነቱ ያልታወቀ ሰዓሊ» የሚለው ጽሑፍ አንዳንዴ ሥዕሉ ከየት ግድግዳ ላይ እንደወረደ መደበቂያ ይሆናል። ኵርዓተ ርእሱን የምታውቁ ይሄ ይገባችኋል። የተሣለው በአውሮፓዊ እጅ ነው፤ ነገሥታቶቻችን ግን ይዘውት ዘምተዋል፣ ሕዝቡ ምሎበታል፣ በመቅደላ በ1868 ሲወሰድ ያጣነው የሌላ ሰው ሥዕል አይደለም፣ የኛን ነው። ሥዕል የማን እንደሆነ የሚወስነው የሣለው እጅ ብቻ አይደለም። ማን ፊቱ ቆመ፣ ማን ሻማ አበራለት የሚለውም አለበት።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሱ፤ መልአክም ነው፣ ባላባትም ነው። ፔሩም አሜሪካ ነች። ፎቁን ያሳሳቱት እነሱ ናቸው፤ ያኔ ያሳሳትኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ። ፈተናው ላይ «ግልባጭ አይደለም» ብለሽ ጽፈሽ ስህተት አድርጌብሽ ከሆነ ውጤትሽን ዛሬ አስተካክያለሁ።

ሌሎቻችሁም ውጭ አገር ያላችሁ፣ ሙዚየም ስትገቡ የላቲን አሜሪካውን ክፍል ዝም ብላችሁ አትለፉት። ደስ ያላችሁን ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አድርጉልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የሥዕሉን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተለጠፈውን ጽሑፍም አንሱት፤ ምን እንዳሉትና ምን እንዳላሉት ማየት እፈልጋለሁ።

ሰላም ዋሉ።